ድሬዳዋን የቆረቆረው ጣቢያ
ዛሬ የድሬዳዋን አሮጌ የምድር ባቡር ጣቢያ ሳይ ዋልኩ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው። የታሰበው እስከ ሐረር ነበር፤ ነገር ግን ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም። ዳገቱን ለማለዘብ ብዙ መጠምዘዣ፣ ድልድይና ቁፋሮ ያስፈልጋል፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ጠፋ። መስመሩ ከተራራው ግርጌ ቀረ፣ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። ኩባንያው ከስሮ ሥራው ለዓመታት በመቋረጡ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው።

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ለምን እዚህ አይገባም? በአሮጌው ሁለት ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር፣ በአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ መንኮራኩሩ አይገጥምም። አዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው።

እኔን የሚያሳስበኝ የአሮጌው ጣቢያ የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ነው። አሮጌዎቹ ማሽኖች በየጊዜው ካልተጸዱና ዘይት ካልተቀቡ ዝገት ይበላቸዋል፤ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ከመታየታቸው በፊት አንድ በአንድ ቢመዘገቡ እንዴት ጥሩ ነበር!