ከሬይድ 5 ወደ ሬይድ 10፦ የሁለት ሳምንት ሙከራዬ

ሰላም ጓዶች። አራት ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስኮችን በሬይድ 5 (ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ፣ የአንዱን ያህል ቦታ ግን ለብልሽት መጠባበቂያ የሚይዝ አሠራር) አቀናጅቼ ኡቡንቱ ጭኜባቸው ነበር። 6 ቴራ ቦታ ማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ማሽኑ ግን ይንፏቀቃል። ትልቅ ቪዲዮ ስገለብጥ እሳት ነው፤ አፕዴት ስጭን ግን ቡና አፍልቼ ጠጥቼም አያልቅም።

አንድ ቀን አፕዴቱ እየተጫነ የዲስኮችን ሥራ የሚያሳየውን አይኦስታትን ከፈትኩ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቷል፤ አራቱም ዲስኮች 100 ፐርሰንት ተይዘዋል። የገረመኝ ደግሞ መጻፍ ብቻ ስጠብቅ ንባብም በብዛት መታየቱ ነው። ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሬይድ 5 ላይ 4 ኪሎባይት ለመቀየር አሮጌው ዳታና አሮጌው ፓሪቲ (ዲስክ ቢበላሽ ዳታውን መልሶ ለማስላት የሚቀመጥ መረጃ) ይነበባሉ፣ ከዚያ አዲሶቹ ይጻፋሉ። ለአንዲት ጽሑፍ አራት ምልልስ! በደቂቃ 7200 የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 75 ያህል የተበታተነ ጥያቄ ያስተናግዳል እንበል። የአራቱ ድምር 300 ነው፤ ለአራት ሲካፈል ተመልሶ 75። የአራት ዲስክ ዋጋ ከፍሎ የአንዱን ፍጥነት ማግኘት ማለት ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚጽፈው እንዲህ ያለውን ትንንሽ ነገር ነው።

ባክአፕ ይዤ አፈረስኩትና እያንዳንዱ ዳታ ሁለት ዲስክ ላይ በሚቀመጥበት በሬይድ 10 ሠራሁት። ቦታው ወደ 4 ቴራ ሲወርድ አንጀቴን በላው። ግን አንድ ጽሑፍ አሁን ሁለት ዲስክ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ሳይነበብ። አፕዴቱ ሲሮጥ በዓይኔ አየሁት። አደራ፣ ዲስኮቹ ተመሳስለው ሳይጨርሱ ፍጥነት አትለኩ። የመጀመሪያ ቀን ልኬቴን የጣልኩት በዚህ ነው።

ቸንክን (ወደ ቀጣዩ ዲስክ ከመታለፉ በፊት አንዱ ላይ የሚጻፈውን ቁራጭ መጠን) በተመለከተ የሊኑክስ ሬይድ መሥሪያው ኤምዲአድም ካልነገሩት 512 ኪሎባይት ይወስዳል። 64 አድርጌ ሞከርኩት፤ ለእኔ ሥራ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የከበደኝ የባሪየር ነገር ነው። የኡቡንቱ ፋይል ሲስተም በሆነው ኢኤክስቲ4 ላይ ባሪየርን ማጥፋት ፍጥነት ይጨምራል። ግን ባሪየር ማለት ፋይል ሲስተሙ ዲስኩን «ካሽህ (ጊዜያዊ ማከማቻህ) ውስጥ የያዝከውን አሁኑኑ ጻፍ» የሚልበት ትእዛዝ ነው። እሱ ጠፍቶ መብራት ድንገት ከሄደ ጆርናሉ (ፋይል ሲስተሙ ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብበት) ራሱ ሊዛባ ይችላል። እኛ ሰፈር መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው። ባትሪ ያለው የሬይድ ካርድ ስለሌለኝ አልነካሁትም።

ቀጥሎ ሲስተሙን ብቻ ወደ ሁለት ትንንሽ ኤስኤስዲ በሬይድ 1 (ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቅጂ) አዛውራለሁ። አንዱን ገዝቻለሁ፤ ሁለተኛው ደመወዝ ይጠብቃል።