መርፊ ስንት ይመታል? አንድ የቤዝቦል ግምት እንዴት እንደሠራሁ

የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ ተጫዋቹን ዳንኤል መርፊን ለማስፈረም የተስማሙት በ2015 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ላይ ነው። ሦስት ዓመት፣ 37.5 ሚሊዮን ዶላር። እኔ በምሠራበት የዋሽንግተን ዲሲ የመኪና ማቆሚያ ዜናውን በጭብጨባ የተቀበለ ሰው አልነበረም። ቡድኑ መጀመሪያ ዓይኑን የጣለው ቤን ዞብሪስት ላይ ነበር። እሱ ቺካጎ ካብስን መረጠ። ቀጥሎ ብራንደን ፊሊፕስን ከሲንሲናቲ ለማምጣት ተሞከረ። ፊሊፕስም አልሄድም አለ። መርፊ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። "ገበያ ተበትኖ የተረፈውን አነሱ" አለ አንዱ ባልደረባችን።

እኔ ግን ደስ አለኝ። ስለ መርፊ ሁለት ሰው እንኳን አንድ ሐሳብ አልነበረውም። ሁሉም የሚስማማበት ተጫዋች ደግሞ ለግምት አይጥምም።

ለቤዝቦል አዲስ ለሆናችሁ ትንሽ ልበል። የኛ ሰው ኳስ ካለ እግር ኳስ ነው። እኔም አሜሪካ ስገባ እንደዛው ነበርኩ። የለወጠችኝ በማቆሚያው ዳስ ውስጥ ያለችው ሬዲዮ ናት። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው፤ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጫወታል። ለማታ ፈረቃ ሠራተኛ ይሄ በረከት ነው። መርፊ ኢንፊልደር ነበር፤ ቤዞቹ አካባቢ ቆመው ከሚከላከሉት አንዱ፣ ቦታውም ሁለተኛ ቤዝ። የመቺ ዋና ቁጥሩ አማካዩ ነው። .300 ማለት ከአሥር ሙከራ በሦስቱ መትቶ ቤዝ ደረሰ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየዓመቱ .300 የሚመታ ሰው ሀብታም ይሆናል። ሆም ረን ደግሞ ኳሱ አጥሩን ተሻግሮ ሲወድቅ ነው። ይበቃል።

እኛ የማቆሚያው ሠራተኞች የምናደርገው የግምት ውድድር ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ሰው ስለ አዲሱ ተጫዋች አራት ቁጥር ይጽፋል፦ አማካዩን፣ ሆም ረኑን፣ አርቢአይ የሚሉትን በሱ ምት የገባ ነጥብ፣ እና የሚሰለፍበትን የጨዋታ ብዛት። ወረቀቱ የእረፍት ክፍላችን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከመክፈቻው ጨዋታ በኋላ መነካካት የለም። በጣም የቀረበው ሰው ክትፎ ይጋበዛል። እኔ አንድ ነገር ብቻ አስጨመርኩ፤ ከቁጥሩ ስር ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ። ሰዉ አጉረመረመ። ከወረቀቱ ሁሉ የጠቀመን ግን ያቺ መስመር ናት። ምክንያቱ ካልተጻፈ ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም "እኔ እኮ ብዬ ነበር" ይላል። ምን እንዳለ ግን አያስታውስም።

ስሌቱን የወሰድኩት የቤዝቦል ቁጥር ተንታኙ ቶም ታንጎ ማርሴል ብሎ ከሰየመው ዘዴ ነው። ማርሴል የጦጣ ስም ነው፤ ጦጣም ብትሆን ልትሠራው የምትችለው ግምት ለማለት። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ትወስዳለህ። የቅርቡን በ5፣ ከሱ በፊት ያለውን በ4፣ የሩቁን በ3 ታበዛለህ። ደምረህ ለ12 ታካፍላለህ። ዋናው ዘዴ ከዚህ ትንሽ ይረቅቃል፤ እኔ በስልኬ ካልኩሌተር እንዲሆንልኝ አቀለልኩት። ከዛ ውጤቱን ወደ ሊጉ አማካይ ጠጋ ታደርገዋለህ፤ ምክንያቱም ጥሩ ቁጥር ውስጥ ሁልጊዜ ዕድል ተደባልቆ ይገኛል። በመጨረሻም ዕድሜውን ታያለህ።

መርፊ ለኒውዮርክ ሜትስ በ2013 .286፣ በ2014 .289፣ በ2015 .281 መትቷል። ማርሴል .285 አለችኝ። ሆም ረኑ 13፣ 9፣ 14 ነበር፤ 12 ወጣ። ያስገባቸው ነጥቦች 78፣ 57፣ 73፤ 69 ወጣ። የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች 161፣ 143፣ 130፤ 142 ወጣ። ይቺን 142 ያዙልኝ።

ዕድሜው ትንሽ ቀነሰበት። ልደቱ ኤፕሪል 1 ነው፤ ውድድሩ ሲጀመር 31 ይሞላዋል፣ ብዙ መቺዎችም ከ30 በኋላ ቁልቁል ይጀምራሉ። ሜዳው ደግሞ ትንሽ ጨመረለት። የሜትስ ሜዳ ለመቺ የሚጨክን ነው፤ የዲሲው ደህና ነው። አዲስ የመጣ ተጫዋች ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ፦ የሚገጥማቸው ወርዋሪዎች፣ ማለት ኳሱን ወደ መቺው የሚወረውሩት፣ እነማን ናቸው? ሁለቱ ቡድኖች አንድ ምድብ ውስጥ ስለሆኑ መርፊ ምድቡን አልቀየረም። ከሜትስ ወደ ናሽናልስ ሲመጣ አብዛኞቹን ወርዋሪዎች ያውቃቸዋል። የናሽናልሶቹን ሼርዘርንና ስትራስበርግን መግጠሙ ቀረለት፤ በምትኩ የሜትሶቹ ዲግሮምና ሲንደርጋርድ መጡበት። ተጣፋ አልኩና አለፍኩት።

ከዛ ኦክቶበር አለ።

በ2015 የማጣሪያ ጨዋታዎች፣ ማለት 162ቱ ካለቁ በኋላ ዋንጫው በሚወሰንባቸው፣ መርፊ አበደ። በስድስት ተከታታይ ጨዋታዎች ሆም ረን መታ፤ በማጣሪያ ከሱ በፊት ማንም ያላደረገው ነው። ከመታባቸው መካከል የሎስ አንጀለስ ዶጀርሶቹ ክሌይተን ከርሾና ዛክ ግሬንኪ ይገኙበታል፤ በዛ ዘመን ከነሱ የሚፈራ ወርዋሪ ጥቂት ነው። ካብስ ላይ .529 መትቶ የዙሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከዛ ዎርልድ ሲሪስ የሚሉት የዋንጫ ፍጻሜ ከካንሳስ ሲቲ ጋር መጣ። ከ20 ሙከራ ሦስት ብቻ መታ። በአራተኛው ጨዋታ ወሳኝ ሰዓት ላይ ደግሞ መሬት ለመሬት የመጣች ኳስ በጓንቱ ስር ሾልካ ሄደች።

እኛ ግድግዳ ላይ የሆነውን ተመልከቱ። አንዱ 40 ሆም ረን ጻፈ። ምክንያት፦ "ኦክቶበርን አላያችሁም?" ኒውዮርክ ያደገ የሜትስ ደጋፊ 8 ጻፈ። ምክንያት፦ "ኦክቶበርን አላያችሁም?" ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በ14 ጨዋታ ውስጥ የፈለግከውን መርፊ ታገኛለህ። ለዚህ ነው ማጣሪያውን ከስሌቴ ሙሉ በሙሉ ያወጣሁት፤ ዛሬም አወጣዋለሁ።

የሜትሱን ደጋፊ ግን ዝም ብዬ አላለፍኩትም። ቁጥሩ ቂም የተጫነው ቢሆንም ሰውየው ለዓመታት መርፊን በየቀኑ አይቷል። ስለዚህ ስንት ይመታል የሚለውን ትቼ ሌላ ጠየቅኩት፦ ባለፈው ዓመት ምን ሲለወጥ አየህ? ያኔ ወሬው ሌላ ሆነ። የመምታት አሠልጣኙ ኬቨን ሎንግ አቋቋሙን ቀይሮለታል አለኝ። መቺው አጠገቡ ወደሚቆምበት ቤዝ ተጠግቶ ይቆማል፣ ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል፣ ኳሱን ቀድሞ ይዞ ወደ ቀኝ ሜዳ በአየር ይልከዋል። ለውጡ በደንብ የታየውም ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ነው። ኦክቶበር ላይ ከሰማይ የወረደ ነገር አልነበረም።

ከዚህ የተማርኩትን እስካሁን እጠቀምበታለሁ። ደጋፊ ቁጥር ሲገምት ልቡን ነው የሚጽፈው። ያየውን ሲናገር ግን ከማንኛውም ሠንጠረዥ የማታገኘውን ይሰጥሃል። አዲስ ተጫዋች ሲመጣ የድሮ ቡድኑን ደጋፊ ፈልጉና ምን ተለወጠ በሉት። ስለ ወደፊቱ አትጠይቁት።

በዛ ወሬ ሆም ረኔን ከ12 ወደ 14 ከፍ አደረግኩና ዘጋሁ።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የዳሱ ሰው ግን .310 እና 20 ጻፉ። ሬዲዮውን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ ጨዋታ አያልፋቸውም። ምክንያታቸው ሁለት ቃል ነበር፦ "ሰውየው አይስትም።"

"ጋሼ፣ ሃያ አልበዛም?" አልኳቸው። "ሃያ መትቶ አያውቅም እኮ።"

"አይ የኔ ልጅ። በኃይል የሚመታ ሁሉ አየር ይመታል። ይሄ በኃይል እየመታ ኳሱን ይነካል። እንዲህ ዓይነት ሰው የት አየህ?"

ሄጄ አየሁት። በ2015 ሊመታ 538 ጊዜ ቆሞ ስትራይክ አውት የሆነው፣ ማለት ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት የወጣው፣ 38 ጊዜ ብቻ ነው። በሊጉ ከዝቅተኞቹ መካከል ነው። ሰው ጉልበት ሲጨምር መሳቱም አብሮ ይጨምራል፤ መርፊ ላይ ጉልበቱ መጥቶ መሳቱ አልመጣም። ይሄ ጉዳይ ሦስት ዓመት በሚያበዛና በሚያካፍል ስሌት ውስጥ አይታይም።

የሆነው ይታወቃል። በ2016 መርፊ .347 መታ። 25 ሆም ረን፣ 47 ደብል (ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት)፣ 104 ነጥብ። ቡድኑ በሚጫወትበት ናሽናል ሊግ በደብልም ሆነ በምት ኃይል የሚቀድመው አልነበረም። በምርጥ ተጫዋች ምርጫ ከክሪስ ብራያንት ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በአማካይ የኮሎራዶው ዲጄ ለማሂዩ በ.348 ለጥቂት ቀደመው። የቀድሞ ቡድኑን ሜትስን ሲያገኝማ ጨከነ፤ ሰባቱ ሆም ረን እነሱ ላይ ነው። የኛ የሜትስ ደጋፊ ለሳምንታት ምሳውን ብቻውን በላ። ናሽናልስ 95 ጨዋታ አሸንፈው ምድባቸውን ወሰዱ፤ ማጣሪያው ላይ ዶጀርስ አሰናበቷቸው። ክትፎውን የበሉት ጋሼ ናቸው።

አሁን ወደ 142 እንመለስ። መርፊ በ2016 ስንት ጨዋታ ተሰለፈ? 142። ልክ እንደጻፍኩት። ከግምቴ ሁሉ ምንም ያልተማርኩበት ግን ይሄኛው ነው። ሴፕቴምበር ላይ ቂጡ አካባቢ ጡንቻ ባይሸማቀቅበት ኖሮ ወደ 155 ይጠጋ ነበር። እኔ ስለ ጡንቻው የማውቀው ነገር አልነበረም። ግጥም ብሎ የተገኘ ቁጥር ሰውን ያታልላል፤ ባልደረቦቼ ለዚህች 142 አጨበጨቡልኝ፣ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

የአማካዩ ነገር የበለጠ ያስኬዳል። መርፊ 531 ሙከራ ነበረው። በኔ .285 ቢመታ ኖሮ 151 ምት ይኖረዋል። የመታው 184 ነው። ልዩነቱ 33 ምት፣ በስድስት ወር። በሳምንት ከአንድ ብዙም አያልፍም። ስታዲየም ተቀምጠህ፣ በሳምንት አንድ ኳስ ተጨማሪ መውደቁን በዓይንህ ልታውቀው አትችልም። ግን ያቺ አንዷ ናት ተራውን መቺ ከሊጉ አናት የምታደርሰው።

ዕድል ነበር? በከፊል አዎ። 500 ሙከራ አካባቢ ላይ ዕድል ብቻውን አማካይን በ20 ነጥብ (.020 ማለት ነው) ከፍ ወይም ዝቅ ቢያደርግ የተለመደ ነው። በ40 ካራቀው ብርቅ ነው። መርፊ ከግምቴ በ62 ራቀ። ይህን ያህል ሲሆን ሰውየው ራሱ ተለውጧል ማለት ነው። ይህች ስሌት ከዛ ወዲህ የኔ መለኪያ ሆናለች፤ ግምት ሲስት ከ20 በታች ከሆነ ንዴቱን ትቼ እተኛለሁ፣ ከ40 ካለፈ ምን እንደተለወጠ እፈልጋለሁ። ለዚሁ ብዬ አንድ ቁጥር ብቻ መጻፍ አቆምኩ። ከዚህ እስከዚህ ብዬ እጽፋለሁ።

ያኔ የነበረኝን መረጃ ይዤ ዛሬ ብገምት .295 እና 17 እል ይሆናል። .347 ግን አልልም። የሚል ሰው ካለ ወይ ዘመዱ ነው ወይ ይቀልዳል። በዛው ዓመት፣ በዛው ቡድን የሆነውን አትርሱ። ብራይስ ሃርፐር በ2015 .330 መትቶ፣ 42 ሆም ረን አስመዝግቦ፣ በሙሉ ድምፅ ምርጥ ተጫዋች ነበር። ስለሱ ግምት እንጻፍ ያለ ሰው አልነበረም፤ ምን ይጠየቃል? በ2016 .243 መታ። 24 ሆም ረን።

ስለ ነጥቡ አጭር ነገር ልበል። 104 የመጣው በሱ ምት ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ቤዝ ላይ የቆሙት ሰዎችም ነገር ነው። በማግስቱ ዓመት አርቢአይን ከቅጹ አወጣነው።

ለ2017 ማርሴል .310 እና 17 ሆም ረን አለች። የአቋቋሙ ለውጥ እውነተኛ ነው ብዬ ስላመንኩ፣ ሌላው ሁሉ "ዘንድሮ ይወርዳል" ሲል .315 እና 21 ጻፍኩ። መርፊ .322 መታ፣ 23 ሆም ረን። ጋሼ .350 ጽፈው ነበር፤ ክትፎው የኔ ሆነ።

ለ2018 ነገሩ ተበላሸ። መርፊ በ2017 ኦክቶበር ላይ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገ፣ ሜዳ የተመለሰውም ጁን ላይ ነው። ስለ ጉልበት የሚያውቅ ስሌት የለኝም። ኦገስት ላይ ደግሞ ቡድኑ ለካብስ ሰጠው። ቺካጎ የመታው ይቆጠራል አይቆጠርም በሚል ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ፤ ወረቀቱ ላይ ስለ ዝውውር የተጻፈ ደንብ አልነበረንም። ጋሼ ይቆጠራል አሉ፣ የሜትሱ ደጋፊ በጭራሽ አለ። በመጨረሻ ክትፎ ቤት ሄደን እያንዳንዱ የራሱን ከፈለ።