የወረዳው ደብዳቤና ያልተቆጠሩት ንስሮች

በጥቅምት ከሰሜን ሸዋ ገደል ጫፍ ላይ ሆኖ ንስር ለመቁጠር ያሰበ ሰው ከመነጽሩ በፊት ማኅተሙን ያስብ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር የአንድ ወቅት ሥራዬ ባልተበላሸ ነበር።

የመቁጠሩ ምክንያት ግልጽ ነው። ስቴፕ ንስር የሚፈለፈለው ከሩሲያና ካዛክስታን እስከ ሞንጎሊያ በተዘረጋው የሣር ሜዳ ላይ ነው። ያን ሁሉ አገር ጎጆ ለጎጆ ዞሮ የሚጨርስ የለም። ወደ አፍሪካ ሲሰደድ ግን ይሰበሰባል። ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፎ ስለሚጓዝ ሰፊ ባሕር አይደፍርም፤ ጠባቡን ፈልጎ ይሻገራል። ለእኛ የሚቀርበው መሻገሪያ በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው ጠባብ የባሕር ወሽመጥ፣ ባብ ኤል መንደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ከጅቡቲ ዳርቻ ሆነው የቆጠሩ ሰዎች ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ወደ 246 ሺህ አዳኝ አእዋፍ መዝግበዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ስቴፕ ንስር ብቻውን 76 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1985 የጸደይ ወራት፣ በሲና በኩል ዞረው ሲመለሱ እስራኤል ውስጥ ኤይላት ላይ የተቆጠሩት ደግሞ 75 ሺህ ገደማ ናቸው። ኤይላት ላይ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እጅግ ወርዷል። ወፉም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ አደጋ ላይ ካሉት ተመድቧል። እኔን የቆጨኝ በእኛ ገደል ላይ የሚያልፈውን በየዓመቱ የሚቆጥር ሰው አለመኖሩ ነው።

መነጽር ተዋስኩ፣ ቴሌስኮፕም ተገኘ። ነፋሱ ገደሉን መትቶ ወደ ላይ የሚወጣበትን ቦታ መረጥኩ። የመጀመሪያው ዓመት ያለችግር አለፈ።

አቆጣጠሩ አያስቸግርም። ንስሮቹ ተከማችተው እየተሽከረከሩ ሲወጡ አይቆጠሩም፤ ያደናግራሉ። ከላይ ደርሰው አንድ በአንድ ወደ ደቡብ ሲንሸራተቱ ይጠበቃሉ። ከአንድ ዛፍ ወደ ሰማይ መስመር ያሰመራችሁ ያህል አስቡና ያንን ያለፈውን ብቻ ያዙ። አለበለዚያ እዚያው ገደል ላይ የሚውለውን ጭላትና ጆፌ አሞራ ደጋግማችሁ ትቆጥራላችሁ። ቀረብ ያለውን በቴሌስኮፕ ማየት ነው፤ የአፉ ቢጫ ጠርዝ እስከ ዓይኑ ጀርባ ከዘለቀ ስቴፕ ንስር ነው፣ ዓይኑ መሐል ላይ ካበቃ የአገራችን ነዋሪ ንስር ነው። ከክንፉ ሥር ሰፊ ነጭ መስመር ያለው የዘንድሮ ልጅ ነውና ለብቻው ይጻፋል። የልጆቹ ድርሻ መቀነስን ከጠቅላላው ቁጥር በፊት ይናገራል። አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሆክ ማውንቴን በተባለ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የተያዘው መዝገብ፣ ዲዲቲ የተባለው ፀረ-ተባይ በሚረጭበት ዘመን የባልድ ንስር ልጆች መመናመናቸውን ያሳየው በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን የወረዳው አመራር ተቀይሮ ጠበቀኝ። ደብዳቤ ይዣለሁ፤ ቲተር አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ሰውየው ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየውና «እኛ የሚመለከተን መሆናችንን በምን እናውቃለን?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ለወረዳው በስም ካልተጻፈ፣ ለጸጥታም ግልባጭ ካልተደረገ አይሆንም። ደግሞም ኮረብታው ላይ የቴሌኮም ማማ አለ፤ ቴሌስኮፕ ይዞ እዚያ መቀመጥ ምን ማለት ነው? «ወንድሜ፣ ወፍ ለመቁጠር ከአዲስ አበባ ድረስ? ሰፈርህ ዶሮ የለም እንዴ?» ቴሌስኮፑና መነጽሩ ፋይል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፉ። ቁልፉ የጸጥታ ኃላፊው ዘንድ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ዞን ስብሰባ ላይ ናቸው።

ከቢሮው ደጅ ባህር ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ቁጭ ብዬ ስብሰባው እስኪያልቅ ስጠብቅ፣ ረፋዱ ላይ ጉሙ ሲነሳ ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ መጡ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ከኋላው፣ ክንፋቸው እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ። ባለጉዳዮቹም ቀና ብለው ያዩ ነበር። የወቅቱ ትልቁ ማዕበል በእኔ ራስ ላይ እያለፈ ቴሌስኮፑ ከበሩ ወዲያ ተቆልፏል። በባዶ ዓይን የቻልኩትን ደብዳቤው ጀርባ ላይ ጭረት እያደረግሁ ጻፍኩ። ቦታው ሌላ፣ መሣሪያው ሌላ ስለሆነ ያ ጭረት ከአምናው ጋር አይወዳደርም፤ ሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁትም። ኃላፊው ተመልሰው ዕቃዬን ሲሰጡኝ የሚያልፈው ሳስቶ ነበር። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ሻይ ግን ጋበዙኝ።

ይህም ሆኖ ከወረዳው በላይ ያበሸቀኝ ሪፖርቱን የተቀበለኝ ቢሮ ነው። በተቆለፈብኝ ቀናት ትይዩ «አልተቆጠረም» ብዬ ጽፌ ነበር። ቅጹ ላይ ቁጥር እንጂ ቃል አይገባም ተባልኩ። አንዷ ባለሙያ «በአማካይ ሙላው» አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ እነሱው ዜሮ አስገቡበት። ዜሮ ማለት እኮ ቀኑን ሙሉ አይቼ አንድም አላለፈም ማለት ነው! ሪፖርቱ ሲወጣ «የንስሮች ቁጥር ካምናው ጋር ሲነጻጸር በከፍተኛ ደረጃ አሽቆልቁሏል» ይላል። ያሽቆለቆለው የእኔ ሰዓት ነው። ንስሩ በእርግጥ አደጋ ላይ ነው፤ ካዛክስታን ውስጥ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይገድለዋል፣ ሌላም ብዙ አለ። እውነተኛውን መቀነስ የሚያምን ሰው የሚጠፋው ግን እንዲህ ባለ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ደብዳቤውን ከመስቀል በፊት ጨርሱ። የወረዳውና የቀበሌው ስም ይጻፍበት፣ ለጸጥታ ግልባጭ ይደረግ፣ የመነጽሩና የቴሌስኮፑ መለያ ቁጥር ይካተት። በአካል ሂዱ፤ ኃላፊው አንድ ጊዜ በመነጽሩ ይዩበት። ማማ ካለበት ኮረብታ ራቁ።

የተሰጠን መመሪያ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል ይላል። አትስሙት። ንስር በማዕበል ነው የሚያልፈው፣ በአንድ ቀን የወቅቱ ትልቁ ድርሻ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ዋናዎቹን ሳምንታት ሳታቋርጡ ተቀመጡ። ረዳትም የሠለጠነ ይሁን ይላል። እኔ የያዝኩት ከብት ጠባቂ ልጅ «ጋሼ፣ ያቻት ነጥብ» ሲለኝ እኔ በመነጽር እንኳ ለማግኘት እታገል ነበር። የቀን አበሉን በአግባቡ ክፈሉት እንጂ ዓይኑ ከሠለጠነው ይበልጣል። ብቻ አንድ ዓመት በሁለት ሰው፣ ሌላ ዓመት በአምስት ሰው አትቁጠሩ፤ ዓይን ሲበዛ ወፉ የበዛ ይመስላል። ያልለያችሁትንም «ያልተለየ ንስር» በሉ፣ በግምት ስም አትስጡ።

አሁን ቅጹን ራሴ አስምሬዋለሁ። የመጀመሪያው ዓምድ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት ነው፣ ቀጥሎ የተመልካቹ ብዛት፣ ከዚያ ጉምና ነፋስ፤ ንስሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሪፖርቱ እንዲታረም ለጻፍኩት ደብዳቤ «ደርሶናል» የሚል መልስ አግኝቻለሁ። ሪፖርቱ እንዳለ ነው፤ የሰዓት ሠንጠረዡን የሚፈልግ ግን ከእኔ ያገኘዋል።