«አዲስ አውጣላትና ትሂድ»

ኤች አይ ቲ፣ ማለት የጤና መረጃ ቴክኒሺያንነት፣ ሌቭል 4 የተማርኩት ደሴ ነው። አብዛኛው ጊዜያችን ያለቀው ሪፖርት ላይ ነበር፤ ኢንዲኬተር (የአፈጻጸም መለኪያ)፣ ከ21 እስከ 20 የሚቆጠረው የሪፖርት ወር፣ ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የሚባለው የጤና ሪፖርት ሶፍትዌር ላይ ዳታ ማስገባት፣ ኤል ኪው ኤ ኤስ የሚባለው የዳታ ጥራት ፍተሻ ሲሠራ 12 ዳታ ኤለመንት (የሪፖርት ቁጥር) በዕጣ አውጥቶ ሪፖርቱን ታካሚ ከሚመዘገብበት ሬጅስተር ጋር ማመሳከር። ሲኦሲ ላይም፣ የብቃት ምዘና ፈተናው ላይ፣ የፈራነው ይሄንኑ ነው። ካርድ ክፍል ግን ቶሎ ታለፈ፣ ማንም ሊሠራው የሚችል ነገር ተደርጎ። እስካሁን የሚከነክነኝ ነገር የገጠመኝ ደግሞ እዛው ካርድ ክፍል ነው።

አፓረንትሺፕ፣ ማለት የተግባር ልምምድ፣ የወጣሁት ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። የገበያ ቀን ነው፣ ከገጠር የወረደው ሰው ገበያውንም ሕክምናውንም በአንድ መንገድ ጨርሶ ሊመለስ ስለሚፈልግ መስኮቱ ላይ መተንፈሻ የለም። አንዲት እናት ደረሱ፣ የግፊት መድኃኒታቸው አልቆባቸዋል፣ የአገልግሎት መታወቂያቸው ጠፍቷል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ግን እንደ ፋጡማ ሰይድ፣ እንደ ዘሀራ መሐመድ ያለ፣ እኛ አገር አንድ ቀበሌ ውስጥ ብቻ ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ነው።

መታወቂያ ከሌለ ኤም አር ኤኑ፣ ማለት የካርድ ቁጥሩ፣ አይታወቅም፣ ኤም አር ኤን ከሌለ ፎልደሩ ከመደርደሪያው አይወጣም፣ ስለዚህ ኤም ፒ አይ ሳጥን ውስጥ፣ የእያንዳንዱ ታካሚ ስምና ቁጥር ያለባቸው ትንንሽ ካርዶች በሚቀመጡበት፣ በስም ትፈልጋለህ። ፈለግኩ። መሐመድን አንዱ በሐመሩ ሐ ጽፎታል፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ አንዱ ሙሐመድ ብሎታል፣ ሁሉንም አየሁ። በአያት አጣራሁ፣ በቀበሌ በጎጥ አጣራሁ፣ የለም። ሰልፉ እየረዘመ ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ በዚህ መሀል የኦፒዲው (የተመላላሽ ታካሚ ክፍሉ) ጤና መኮንን ራሱ መጣ።

«ምን ሆናችሁ ነው ካርድ የማይመጣልኝ? አዲስ አውጣላትና ትሂድ።»

«ዶክተር፣ ነባር ናቸው፣ የመድኃኒታቸው ታሪክ ካርዱ ላይ ነው ያለው» አልኩት።

«ታሪኩን እኔ እጠይቃታለሁ። አንተ ወረቀት ነው የምትፈልገው፣ እኔ ሰው ነው የማክመው።» ከዛ ወደሳቸው ዞሮ «ምን መድኃኒት ነበር የሚወስዱት?» አላቸው።

«እኔ ምኑን አውቄው ልጀ፣ ነጭ ናት፣ ትንሽዬ ክኒን።»

ሰው ፊት እንደዛ መባሌ አንገበገበኝ። ከመኮንኑ ጋር ልከራከር አፌን ስከፍት፣ ከኋላ መደርደሪያ ስታስተካክል የነበረችው የካርድ ክፍሏ እትዬ መጣች፣ ኮሌጅ ያልገባች፣ ሥራውን በሥራ የለመደች ሴት ናት። መኮንኑን ቀና ብላም አላየችው።

«እማ፣ አብሽሩ፣ እናገኘዋለን። ያኔ መጀመሪያ ለት ማን ነበር ይዞዎት የመጣው?»

«ልጄ ነዋ፣ ትንሹ። አሁንማ ጂዳ ነው።»

«እሱ ቤት ውስጥ ማን እያለ ነው የሚጠራዎት?»

እናትየዋ ሳቅ ብለው የቤት ስማቸውን ተናገሩ። እትዬ ሳጥኑን ሳበች፣ ወዲያው ካርዷ ወጣች። ልጅየው ያኔ ሲያስመዘግብ እሱ የሚያውቀውን ስም ነው ያስጻፈው፣ እኔ የፈለግኩት ደግሞ እሳቸው የነገሩኝን ነው። ፎልደሩን አውጥቼ በቦታው ፎልደሩ የት እንደሄደ የሚያሳይ ትሬሰር ካርድ አስገባሁና ይዤው ሮጥኩ።

ፎልደሩ ውስጥ ምን አለ፣ መጀመሪያ ኢናላፕሪል ተጀምሮላቸው ደረቅ ሳል ይዟቸዋል፣ አክታ ተመርምሮ ቲቢ የለም ተብሏል፣ መጨረሻ ሳሉ ከመድኃኒቱ ነው ተብሎ ወደ አምሎዲፒን ተቀይሮላቸዋል። ኢናላፕሪል ሳል እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፣ ግን ይሄ ሰውዬ ወይም ይቺ ሴትዮ ላይ ማምጣቱን የሚነግርህ ያ ፎልደር ብቻ ነው። ነጭ ክኒን ደግሞ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። መኮንኑ አነበበ፣ አምሎዲፒን ጻፈላቸው። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በወሩ መጨረሻ የጤና ጣቢያው አፈጻጸም በሚገመገምበት ፒ ኤም ቲ ስብሰባ ላይ ግን ተናገረ፣ «ካርድ ክፍል ታካሚ ያዘገያል» ብሎ፣ በቃለ ጉባኤም ተያዘ። እትዬ እጇን አውጥታ «አዲስ ባወጣላቸው ኖሮ እኮ አልዘገይም ነበር፣ ሁለት ካርድ ይኖራቸዋል፣ ሪፖርታችሁም ላይ እሳቸው ሁለት ሰው ይሆናሉ» አለች። ይሄ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አልገባም፣ እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ሲጻፍ አይቻለሁ። ኮሌጅ የዳታ ጥራት ተብሎ ስንማር የከረምነውን ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ በትክክል የተናገረችው እሷ ብቻ ነበረች፣ ሳይጻፍ የቀረው ግን የእሷው ነው። ይሄ አሁንም ያናድደኛል።

ዛሬ አፓረንትሺፕ የሚመጡ ልጆችን እኔ ነኝ የምቀበለው፣ መጀመሪያ የማስገባቸው ካርድ ክፍል ነው፣ ቅር ይላቸዋል፣ እኛ የተማርነው ኮምፒውተር ነው ይላሉ። ካርዱ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው እውነት ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን ኮምፒውተሩም የሚፈልገው መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ጠይቆ የጻፈለትን ስም ነው። ኮሌጆቹ ሥርዓተ ትምህርት ሲከልሱ እንደ እትዬ ያሉትን ጠርተው አንድ ሁለት ሳምንት ቢያስተምሩበት እላለሁ፣ የአሠልጣኝ አበልም ይከፈላቸው።