ለሌላ በሽታ የታሰበው የአባዬ ኪኒን

አባዬን ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የተያዘው ግራ ጎኑ ነው። መጀመሪያ እጁ እንደ ጨርቅ ልፍስፍስ ብሎ ነበር። ከወራት በኋላ ግን ተገተረ። ጣቶቹ ተጨብጠው አልዘረጋ አሉ። ጥፍሩን ለመቁረጥ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። እማዬ መዳፉን ለብ ባለ ውኃ ነክራ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታላቅቃለች፣ እኔ እቆርጣለሁ።

ሐኪሙ ባክሎፌን የሚባል የተገተረ ጡንቻ የሚያላላ ኪኒን አዘዘለት። «በራሳችሁ ድንገት እንዳታቋርጡ» አለን አጥብቆ። እኔ ደግሞ የማላውቀውን ኪኒን ለአባቴ ማዋጥ ስለማይሆንልኝ ማንበብ ጀመርኩ።

ለካ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ነገሩ የጀመረው ከአይጥ ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍራንክ በርገር የተባለ ከቼኮዝሎቫኪያ የተሰደደ ሐኪም እንግሊዝ አገር ይሠራ ነበር። የሚፈልገው ፔኒሲሊንን ከሚያበላሹ ባክቴሪያዎች የሚጠብቅ ነገር ነው። የቀመመውን አይጦች ላይ ሲሞክረው ዝልፍልፍ አሉ። በጀርባቸው ቢያስተኟቸው መገልበጥ አቃታቸው። ግን አልተኙም፤ ዓይናቸው ፈጦ ያያል! ትንሽ ቆይተው ደህና ሆኑ። በ1946 ጥናቱ ታተመ፣ ሜፌኔሲን የተባለው ይኸው ቅመምም ለተገተረ ጡንቻ ተሞከረ። ችግሩ ቶሎ ከሰውነት ይጠፋል።

የአባዬ ኪኒን የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1962 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲባ በተባለው ኩባንያ ሃይንሪኽ ኬበርለ ሠራው፤ የታሰበው ለሚጥል በሽታ ነበር። ጋባ የሚባል ነርቭን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ አለ። በአፍ ቢወሰድ ግን ከደም ወደ አንጎል እንደልብ አያልፍም። ስለዚህ እንዲያልፍ የጋባን ቅርጽ ለወጥ አድርገው ይህን ኪኒን ሠሩ። ለሚጥል በሽታ ጠብ የሚል ነገር አልተገኘበትም። አንዳንዶቹ ታማሚዎች ላይ ግን የተገተረው ጡንቻ ላላ። ኪኒኑ የሚይዘው የነርቭ መቀበያ «ጋባ ቢ» የሚል ስም ያገኘው በ1981 ነው፤ ሰው ኪኒኑን መዋጥ ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ማለት ነው።

ለአባዬ ስነግረው «እና የሌላ ሰው መድኃኒት ነው የምታውጪኝ?» አለኝ። ሳቅን።

አንድ ጊዜ መጠኑ ሲጨመር እግሩ ከዳው። የተገተረው እግር ለካ እንደ ምርኩዝ ነበር የያዘው፤ ሲላላ መቆም አቃተው። ሐኪሙ መልሶ ቀነሰለት። አሁን እግሩ ትንሽ ይገተራል፣ ግን ሽንት ቤት ድረስ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ጥፍሩን ቅዳሜ ጠዋት እኔ ብቻዬን እቆርጥለታለሁ።