የአራት ልጆች አጎት

የማስተምረው የዜግነት ትምህርት ነው። ድሮ ስነ ዜጋ የምንለውን። ስለ ታማኝነት፣ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ሕግ መከበር ስለፈልፍ ነው የምውለው። ይህን ቀድሜ የነገርኳችሁ በኋላ ስትስቁብኝ እንዲመቻችሁ ነው።

ትምህርት ቤታችን ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ከተማው እዚህ ጋ ያለቀ ይመስልና እንደገና ይጀምራል። ወዲህ ኮንዶሚኒየም፣ ወዲያ የእርሻ ማሳ። ጥር ላይ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ሰሌዳው ላይ ይለጥፈዋል። ጠመኔ ሳልነካ እጄ ነጭ የሚሆንበት ቀን አለ።

ልጁ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ ከመጡት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ። ያረፍዳል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም አራት። ገብቶም ይተኛል። ካልተኛ ዴስኩ ስር ስልክ ይነካካል። አንድ ቀን ስልኩን ቀማሁት። ቲክቶክ ላይ አንድ ሰውዬ ላይቭ ገብቶ «አንበሳ ላኩልኝ» እያለ ይጮሃል። «ይኸው ትውልዱ!» አልኩ በልቤ።

እኔ ራሴ ገና ሃያ ስድስቴ ነው። ስታፍ ገብተን ስንቀመጥ ግን ሁላችንም የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነን። አንዱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያነሳል። በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ። በ2015ቱ 3.2። በ2016ቱ 5.4። ቁጥሩ ላይ ማንም አይከራከርም። ጥፋተኛው ግን ሁልጊዜ ስታፍ ውስጥ የሌለ አካል ነው። ስልክ። ቲክቶክ። ወላጅ። «መምህር» የሚል ከማንም አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ከእኔም ጭምር።

ስለዚህ የታወቀውን አደረግሁ። «ወላጅህን ሳታመጣ ክፍሌ እንዳትገባ!»

በማግስቱ ወላጅ መጣ። ወፍራም ካፖርት የለበሱ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ የነሱ ትልቅ ሰው። «አጎቱ ነኝ፣ መምህር። የእህቴ ልጅ ነው። ምን አጠፋ?»

ነገርኳቸው። ወደ ልጁ ዞሩ። «ቀና በል! እናትህ በሌሊት ተነስታ የምትሮጠው ለማን ብላ ነው? አንተ እዚህ እንድትተኛ ነው?» ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጣ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ውስጡ ስድብ የለበትም፣ ግን ያማል።

ከዚያ የምናስፈርመውን ውል አቀረብኩላቸው። «ልጄ ዳግመኛ ቢያረፍድ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው እርምጃ እስማማለሁ» የሚል ነው። ወላጅ ሁሉ ሳያነብ ፈርሞ ይሄዳል። እሳቸው መነጽራቸውን አወጡ። ከቀኑ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እርምጃ ማለት ምንድን ነው?»

«እ... እንደ ሁኔታው ነው» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ትንሽ አዩኝ፤ ከዚያ ፈረሙ። ስታፍ ገብቼ «ድሮ እንዲህ ያለ ወላጅ ነበር» ብዬ ዲስኩር አደረግሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ልጁ ማርፈዱን አልተወም። የቤት ሥራ ግን መሥራት ጀመረ። ስልኩም ጠፋ። ያው ውሉ ሠርቷል ብዬ ደመደምኩ።

ካርድ የሚሰጥ ቀን ላይ አንዲት ሴት ከልጁ ጋር መጣች። እናቱ ናት። ስለ ውጤቱ አወራኋት፣ ደስ አላት። እኔም ሰው ደስ ሲለው ወሬ አበዛለሁና፣ «ወንድምሽን አመስግኚልኝ። ትልቅ ሰው ናቸው» አልኳት።

«የቱ ወንድሜ?»

ልጁ ጫማውን ማየት ጀመረ።

እዚህ ላይ ልናደድ ይገባኝ ነበር። ደግሞም ተናድጃለሁ። ሦስት ዓመት ስለ ታማኝነት ያስተማረ ሰው በአንድ ካፖርት ተሸወደ። እኛም እኮ በልጅነታችን «ወላጅ አምጡ» ስንባል የሰፈር ሊስትሮ ለምነን እናውቃለን። ጨዋታው አዲስ አልነበረም። አዲሱ እኔ በሌላኛው ወገን መቆሜ ነው።

እናቱ ግን ከእኔ ብሳ ተናደደች። ልጇን አፋጠጠችው፣ እሱም ቀስ እያለ አወጣው። እሷ ቦሌ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ትገባለች። አንድ ቀን ብትቀር የቀኑ ይቆረጥባታል፤ ለዚህ ነው ልጁ ሊነግራት ያልፈለገው። ማታ እሷ እስክትገባ አይተኛም። ጠዋት ደግሞ ታናሽ እህቱን ኬጂ የሚያደርሳት እሱ ነው። ኬጂው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። የእሷ በር የሚከፈተው 2 ሰዓት፤ የእኛ በር የሚዘጋው 2 ሰዓት።

«ካዛንቺስ ብሆን ይሄ አይደርስብኝም ነበር» አለች እናቱ። «ሥራዬ ቅርብ። ደግሞ ከጎረቤቶቼ አንዷ ከልጇ ጋር ታደርስልኝ ነበር። ከእድራችን ሰው ግማሹ የት እንደደረሰ እንኳ አላውቅም። እዚህ የማውቀው በሬን ነው።»

ሰውየው ማን እንደሆኑ ልጁን ብጠይቀው «የብሎካችን ጥበቃ ናቸው፣ ቲቸር» አለኝ። ብሎኩን ነገረኝ።

አሁን ነው መሳቅ የምትችሉት። የነገረኝ ብሎክ እኔ ስቱዲዮ የተከራየሁበት ነው።

ማታ ስመለስ በሩ ጋ ያ ካፖርት ተቀምጧል። ዓመት ሙሉ በቀን ሁለቴ አልፌዋለሁ። ቆምኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ሳቁ። «ዛሬ ገና አየኸኝ? ስልክህን እያየህ ነው እኮ የምታልፈው። አንድ ቀን ከደረጃው ትወድቃለህ ብዬ ስፈራልህ ነበር።» ትምህርት ቤት «መምህር» ብለው እጅ የነሱኝ ሰው እዚህ በ«አንተ» አወሩኝ። ቅር አላለኝም።

«ለምን ዋሹኝ?»

«ምኑን ዋሸሁህ? እናታቸው እስክትገባ እነዚያን ሁለት ልጆች ማን የሚያያቸው ይመስልሃል? ይሄ አጎት ካልተባለ ምን ይባላል?»

«ገንዘብስ ተቀብለዋል?»

«ሃምሳ ብር። ያውም ለቡና። በነፃ ከሆነማ ሁሉም ልጅ ይመጣብኛል ብዬ ነው።»

«ታዲያ መጡ?»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ከእናንተ ትምህርት ቤት አሁን አራት ልጆች አሉኝ።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። እሳቸው ቀጠሉ። ልጁ ማታ ማታ ደብተሩን ይዞ ይወርዳል። ከ2 ሰዓት በኋላ ስልኩን እሳቸው ጋ ያስቀምጣል። ንባቡን ያስነብቡታል። «ሂሳቡ እንኳ ያቅተኛል» አሉ። ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው ጥያቄው የገረማቸው ይመስላል።

«ፈርሜ የለም እንዴ?»

ያደረጉት ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። የአራቱንም ስም ጠየቅኋቸው፤ ሦስቱን እምቢ አሉኝ። አንዱን ግን ራሳቸው ነገሩኝ። «የዚህኛውን አባቱ ይወቅ፤ እኔ አልችለውም» አሉኝ። ለአባትየው ደወልኩ። ነገሩ እውነትም የአባት ነገር ነበር።

ዩኒት ሊደሩ ጋ ሄጄ ለስምንተኛ ክፍሉ ልጅ ሃያ ደቂቃ ማርፈድ እንዲፈቀድለት ጠየቅሁ። «ለአንዱ ከፈቀድን ለሁሉም ልንፈቅድ ነው» አለኝ። ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ፤ በመጨረሻ ፈቀደ። የአጎትየውን ነገር አልነገርኩትም። እናንተም አትንገሩት።

በመሃል ወደ ምገባ ክፍሉ ጎራ አልኩ። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጆች ቁርስና ምሳ መስጠት የተጀመረው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የሚያረፍድ ልጅ ቁርሱ ያልፈዋል ብዬ፣ ለዚህ ልጅ እንዲያስቀምጡለት ምግብ የሚሠሩትን እናቶች ልለምን ነው የሄድኩት። አንዷ ከመደርደሪያው ላይ ሳህን አንስታ አሳየችኝ። ተከድኗል።

«እህቱን አድርሶ የሚመጣው ልጅ አይደል? ከጥቅምት ጀምሮ እናስቀምጥለታለን።»

ከጥቅምት ጀምሮ! እኔ አርፋጅ ብዬ ስመዘግበው እነሱ ሳህን ይከድኑለት ነበር። ስታፍ ከምገባ ክፍሉ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ እንድታመጣ ተባለች። የላኳት እኔ አይደለሁም፣ ግን ውል የማስፈርመው ቀን ደርሶኝ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ካፖርት። ባርኔጣ። ዩኒት ሊደሩ አጠገቤ ቆሟል።

«የወንድሜ ልጅ ናት» አሉ፣ ኮስተር ብለው። «ምን አጠፋች?»

ወንበር ሳብኩላቸው። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ከቀኑ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። መጨረሻው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ። ከመነጽሩ በላይ አዩኝ።

«መምህር፣ እርምጃ የሚለውን አወቁት?»

«እያጣራሁ ነው» አልኳቸው።

«በሉ እስኪ እስክሪብቶ ያቀብሉኝ።»