ጉንጩ ያበጠው ዓሣ

አቦ፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እስካሁን ማታ ማታ አልጋዬን ግቢ አውጥቼ ስጋደም የዚያ ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። "አባባ፣ ይሄ ጉንጩ ያበጠው ዓሣ ስሙ ማነው?"

ዓሣው እኔ ነኝ።

ፎቶ ቤቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ናት። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ፤ ከዚህ አልፌ አላውቅም። አንድ ቀን የሰፈራችን ሐጂ መጡና "ልጄ፣ መርጃን ታነሳልኛለህ?" አሉኝ። የአንገት ጌጥ መሰለኝ። "ምን ችግር አለው ሐጂ፣ ይዘውልኝ ይምጡ" አልኳቸው።

"እንዴት አድርጌ? 400 ሊትር ውሃ ውስጥ ነው ያለው።"

ለካ ኮራል ነው። ልጃቸው ከውጭ አስመጥቶላቸው ሳሎናቸው ውስጥ የመስታወት ገንዳ ተተክሏል። ድሬ ላይ! ባሕሩ በባቡር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅበት፣ ሰው ራሱ በሽርጥ ተጠቅልሎ በሚቀቀልበት ከተማ። ሐጂ አስረዱኝ። ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ውሃው ከሞቀ ሰውነቱ ውስጥ የሚኖረውን አልጌ ይተፋና ይነጣል። አብዛኛው ምግቡ ከዚያ አልጌ ስለሆነ ይራባል። ስለዚህ ውሃው 26 ዲግሪ እንዳያልፍ ማቀዝቀዣ ተገዝቶለታል። ለውሃው ነው እንጂ ለሳሎኑ አይደለም። እኔ በነጭ ካናቴራ ሆኜ አልቤ እየፈሰሰ፣ እንስሳው መስታወቱ ውስጥ ተዝናንቷል። ኮራል ሆኜ በተፈጠርኩ።

የሄድኩት በበርጫ ሰዓት ነው። ሐጂ እንግዳ ባዶ ጉንጭ አያስቀምጡም። ያቀረቡልኝ የአወዳይ ጫት ነው፤ እምቢ ይባላል? አይባልም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ሥራ ጀመርኩ። በዓይን ሲያዩት ገንዳው ውስጥ አረንጓዴ አለ፣ ብርቱካንማ አለ፣ ሁሉም ፍም ይመስላል። በካሜራ ሳነሳው ሰማያዊ። ዝም ብሎ ሰማያዊ። ሐጂ ስክሪኑን ቀና ብለው አዩና "ፌስታል ነው ያነሳኸው?" አሉኝ። የገንዳው መብራት ሰማያዊ ስለሆነ ነው። ዋይት ባላንሱን፣ የካሜራውን የቀለም ሚዛን ማለት ነው፣ በኬልቪን ቁጥር ከፍ እያደረግኩ ጨረስኩት፤ የኔ ካሜራ 10,000 ላይ ያቆማል። እሱም አልበቃ አለ። በሮው (RAW)፣ ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል አንስቼ ቀሪውን ኮምፒውተር ላይ ላስተካክል ወሰንኩ።

ፍላሽ ሞከርኩ። መስታወቱ መልሶ ዓይኔን አጠፋው። ፍላሹን ትቼ ትራይፖድ ተከልኩ። ፓምፑ ውሃውን ስለሚያንቀሳቅሰው የኮራሉ ጣቶች እንደ ሙሽራ ሚዜዎች ይወዛወዛሉ፤ ፎቶው ደበዘዘ። ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃ እንዲጠፋ ለመንኩ። ሹተሩን 1/125 ሰከንድ፣ ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን አይኤስኦ ደግሞ 800 አደረግኩ። በጎን ስታነሳ መስታወቱና ውሃው ምስሉን ያዛቡታል፤ ሌንሱ ከመስታወቱ ጋር ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ይሄን አውቃለሁ። ባለሙያ ነኝ እኮ!

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ነጭ ካናቴራ ለብሼ። መስታወት ፊት።

ደግሞ ተራ ነጭ አይደለም። የልብስ ሳሙና ውስጥ ነጩን የሚያደምቅ ነገር አለ፤ እንዲህ ዓይነት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብርሃን ሲያገኘው ያበራል። እናቴ ካናቴራዬን ስታጥብ አትሰስትም። እኔ ግን ዓይኔ ኮራሉ ላይ ነው፤ ምርቃናውም አለ። ስክሪኑ ትንሽ ነች። ቤቴ ገብቼ ሰማያዊውን ቀነስኩ፣ ብርቱካንማውን አወጣሁ፣ አንድ ሜትር ተኩል በሸራ አሳተምኩ።

ሸራው የተሰቀለው ለልጃቸው ኒካህ ቀን ነው። ሳሎኑ ጢም ብሏል። የሐጂ የልጅ ልጅ፣ 10 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሸራው ሥር ቆሞ ያችን ጥያቄ ጠየቀ።

ሁሉም ቀና አለ። እኔም አልኩ። ዋላሂ፣ አለሁ! በመርጃኑ መሀል ካናቴራዬ እንደ ፍሎረሰንት እያበራ፣ ካሜራው አንዱን ዓይኔን ሸፍኖት፣ ከሱ ሥር ጉንጬ። ጉንጬን ምን ልበላችሁ? ጋራ ሙለታን አክሏል። ትንሿ ዓሣ ልክ እሱ ላይ ስታልፍ ስለተነሳች ጉንጬን ልትጎርሰው ያሰበች ትመስላለች።

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ተጠጉ። መነጽር ወጣ።

"ይሄ ከአንድ ዙርባ አያንስም።"

"ኧረ ተው፣ ገራባ ነው። ጥሩ ጫት እንዲህ አይነፋም።"

"ግራው ብቻ ነው እንዴ? ቀኙ ባዶ ነው?"

"መስታወት ነዋ፣ ቀኙ ነው ግራ የመሰለህ።"

ክርክሩ ሩዙ እስኪቀርብ አላለቀም። ሙሽራዋን ያያት የለም። አንዱ ጭራሽ በስልኩ ጉንጬን አጉልቶ አነሳው።

ይሄኔ ያ ልጅ ስልክ አወጣ። "አባባ፣ እኔ ያነሳሁትን እዩት።" አየሁት። አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ብርቱካንማው ብርቱካንማ፣ ጥርት ያለ ኮራል። ሰው የለበትም። የሳሎኑን መብራት አጥፍቶ፣ ስልኩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ካሜራው ላይ የብርቱካን ከረሜላ ልጣጭ አድርጎ ነው ያነሳው። ያቺ ብርቱካንማ ላስቲክ ትርፉን ሰማያዊ ታስቀረዋለች። የኔን የሁለት ቀን የኮምፒውተር ሥራ በአንድ ከረሜላ ጨረሰው። ከረሜላውንም በልቶታል።

ድሮም ሰው "ቁልፍ ለመጫን ይሄን ያህል ብር?" ይለኛል። ባጃጅ ሲሳፈር "መሪ ለመያዝ ይሄን ያህል?" አይልም። ሠርግ ላይ ፀሐይ ላይ ተገትሬ ውዬ ሒሳብ ሲደርስ የሙሽራው አጎት "ስልኬም እኮ ጥሩ ያነሳል" ይላል። እስከዛሬ እከራከር ነበር። አሁን በምን አፌ?

ሒሳቤን ስጠይቅ ሐጂ ግማሹን ቆጥረው ሰጡኝ።

"ሐጂ፣ ግማሽ ይቀራል።"

"ልጄ፣ ፎቶው ላይ ግማሹ አንተ ነህ። የራስህን ራስህ ክፈል።"

ሸራው ይውረድልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እንግዳ ይወደዋል ብለው እምቢ አሉ።

ትናንት ሱቅ ገብቼ የብርቱካን ከረሜላ 20 ፍሬ ገዛሁ። ባለሱቁ "ለልጆች ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።